አርባ ሁለት ቁጥር ጫማ ይዤ ወደ ቴፒ

ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ጫማ እሸጣለሁ። ከቴፒ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ ለቅሶ ሊደርሱኝ ይመጡና፣ ካጽናኑኝ በኋላ ቀስ ብለው «አገሩስ እንዴት ያለ ነው?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ብርድ ልብስ ከምትሸጠዋ ጎረቤቴ ጀምሮ አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ አልፈው አያውቁም፤ እኔም ወንድሜ እዚያ ባይሠራ ኖሮ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ነበር። ልነግራቸው እጀምርና እንባ ይቀድመኛል። ስለዚህ ጽፌዋለሁ፤ የፈለገ ያንብበው።

አንድ ነገር ግን ከመነሻው ልናገር። ጫማውን የገዛሁለት ታናሽ ወንድሜ ታምራት ጫማውን አላደረገውም። እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ፣ በጉዞዬ የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሞተሩ ወድቆ ሞተ። እኔ ይህን ያወቅሁት በአራተኛው ቀን ማለዳ ነው። በመካከሉ የተቀበሉኝ ሰዎች ግን ሁሉም ያውቁ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን መንገድ ላይ ላለች ሴት አይነገርም ብለው፣ እያበሉ እያጠጡ ደበቁኝ። እነሱ ከእኔ ደበቁ፤ እኔ ከእናንተ አልደብቅም።

ታምራትን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲያርፉ እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። የመጀመሪያ ጫማውንም የምረቃ ጫማውንም እግሩ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ አድጎ አድጎ አርባ ሁለት ቁጥር ላይ ሲቆም አይቻለሁ። በግብርና ተመረቀና የቡና ባለሙያ ሆኖ ቴፒ ገባ። ከቴፒ እስከ ሸኮ ባሉት መንደሮች በመሥሪያ ቤቱ ሞተር እየዞረ፣ ስለ ቡና አገራረዝና ስለ ቡና በሽታ ገበሬውን ያስተምር ነበር።

አንድ ቀን ኮረት ላይ ወድቆ መዳፉ ተላጠ። ቀኝ እጁ እስኪድን ድረስ ቤት ያከራዩት እማማ ውዴ ናቸው ያጎረሱት። ይህን በሳቅ ነገረኝና፣ ሳቁን ሲጨርስ «እትዬ፣ እዚህ ያለው የጎማ ቦቲ ብቻ ነው» አለኝ። «ዝናቡ ከላይ ይገባና እግሬ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ ይውላል። እጄ ላይ ደግሞ ፌስታል ነው የማስረው።»

«ፌስታል?»

«ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም ፌስታል ነው የምናጠልቀው። ለሞተር የሚሆን ጓንትና ጫማ ከዚያ ላኪልኝ።»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። አገር ምድሩን እያጫማሁ ወንድሜ እግሩ ይዋኛል! አልልክም፣ ራሴ ይዤ እመጣለሁ አልኩት። ቴፒ ከገባ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበርና ናፍቆቴንም ጫማው ላይ ጫንኩት።

መርካቶ የገባሁት ከአጎቴ ልጅ ከጌታነህ ጋር ነው። ጌታነህ የተመረጠው በእጁ ነው፤ እጁ የታምራትን እጅ ያህላል። ጫማውን እኔ መረጥኩ። የሞተር ጫማ ከቁርጭምጭሚት በላይ መውጣት አለበት፤ በግራና በቀኝ አጥንቱ ላይ ጠንከር ያለ ነገር መግባቱን በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት ነው። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ የቴፒ ዝናብ በሳምንት ይገነጥለዋል፤ ስለዚህ አጥፌ አጥፌ ስፌቱን ፈለግሁ። ሶሉ በጣም ከወፈረ እግር ፍሬኑን አይሰማውም። የግራው እግር አፍንጫ ላይ፣ ማርሹ የሚገጨው ቦታ፣ ድርብ ቆዳ ያስፈልገዋል። ክሩ ተንጠልጥሎ ፔዳል ላይ እንዳይጠመጠም ደግሞ የሚሸፍነው ክዳን ያለው መሆን አለበት። ነጋዴው አንዱን ሳጣጥፍ ሌላውን ሳሸት አይቶ «እመቤት፣ ጫማ ነው የሚገዙት በሬ?» አለኝ። «በሬማ ቢሆን አንተን አልጠይቅህም ነበር» አልኩት።

ጓንቱን ለጌታነህ አጥልቄ «ጨብጥ፤ አሁን በሁለት ጣትህ ፍሪሲዮን ሳብ» እያልኩ አስለፋሁት። ጓንት ከሰፋ ጫፉ እየታጠፈ መያዣው ውስጥ ይገባል፤ ከጠበበ እጅ ይደነዝዛል። መዳፉ ድርብ ቆዳ፣ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ጠንካራ፣ አንጓው ላይ የሚታሰር አገኘሁ። ከቤቴ ደግሞ የመንዝ ሴቶች የሠሩትን ወፍራም የበግ ጠጉር ካልሲ ይዤ ነበር። በዚህ ሁሉ ተደስቼ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ኮርቼ ተነሳሁ።

በመጀመሪያው ቀን ጅማ ለመግባት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ማልደን ወጣን። የእኛ አገር ነፋስ ለምዶብኝ በጋቢ ተጀቡኜ ነበርና ጊቤ ስንወርድ ላብ አጠመቀኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መስኮት ከፍቶ ጋቢዬን አጥፎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ በፊት፣ ወልቂጤ ምሳ ላይ ሳለን፣ ታምራት ደውሎ ነበር።

«እትዬ፣ ጫማዬ ደህና ነው?»

«ስለ ጫማው ትጠይቃለህ! እኔስ?»

«አንቺማ ጫማውን ይዘሽው የለ!» ብሎ ሳቀ። ከሰዓት ሸኮ በኩል አንድ መንደር ደርሶ እንደሚመለስ፣ በሦስተኛው ቀን ቴፒ መናኸሪያ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ፣ ሚዛን ላይ ደግሞ ደንበኛው ከሆነች ረዚያ ከምትባል ጫማ ነጋዴ ቤት እንዳስያዘልኝ ነገረኝ። «ባልንጀራሽ ናት፤ ስለ ሶል ስታወሩ ታድራላችሁ» አለኝ። የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ነው።

ማታ ጅማ ደርሼ ብደውል አይነሳም። ጌታነህ ግን ደወለ። ጌታነህ ስልክ ሲያወራ ትንፋሹን የሚቆጥብ ሰው ነው፤ የዚያን ምሽት ግን አልዘጋም አለ። «እራት በላሽ?» አለኝ። በላሁ አልኩት። ስለ ታምራት ብጠይቀው «ገጠር ወጥቷል፣ ኔትወርክ የለም ብለውኛል» አለና እንደገና «እራት በላሽ?» አለኝ። ዕድሜው ነው ብዬ ሳቅሁበት።

በማግስቱ ከጅማ ወደ ሚዛን ተነሳን። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ አለ፤ እኔ ጫማው ያለበትን ቦርሳ አልሰጥም አልኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ተዋት፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲሉ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ቦርሳውንም ታቅፌ ተቀመጥኩ። ጎጀብን ተሻግረን ወደ ቦንጋ ስንወጣ ዛፉ መንገዱን ከሁለት ወገን ያዘው። እኛ ዘንድ ሜዳው ተዘርግቶ ሰው ከሩቅ ሲመጣ እየታየ ነው፤ ማን እንደሆነ እስኪደርስ ድረስ ስንገምት እንቆያለን። እዚህ ግን ዓይን የትም አይሄድም፤ ሰው ከቅጠል ውስጥ ብቅ ይልና ተመልሶ ቅጠል ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ የሰው እግር የማይ ሰው ነኝና፣ ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር የቆዳ ጫማ እያነሰ የጎማ ቦቲ እየበዛ መምጣቱን አየሁ።

ከቦንጋ አልፈን ጎማ ተነፈሰ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ወርጄ እግሬን ላፍታታ ስል ጭቃው ቀኝ ጫማዬን ዋጠው። እግሬን ስስበው ባዶውን ወጣ። ጫማ ነጋዴዋ በካልሲ ጭቃ ላይ ቆማ! ከመንገዱ ዳር ካለ ጎጆ አንዲት ሴት እየሳቀች መጣች፤ እጇን ጭቃው ውስጥ ሰዳ ጫማዬን አወጣችልኝ፣ ከምንጭ አጥባ በእንሰት ቅጠል አደረቀችው፣ ቁጭ በይ ብላም ትኩስ ጎደሬ አቀረበችልኝ። ጎደሬ እንደ ድንች ያለ ሥር ነው፤ ከድንች ግን ይከብዳል፣ ሆድ ይይዛል። የሷ ቦቲ ለእግሯ በጣም ሰፊ ነበር። ለምን ትክክለኛ ቁጥርሽን አትገዢም ብላት፣ በተሰባበረ አማርኛዋ «ጭቃ ጫማ ይውሰድ፤ እግር አይውሰድ» አለችኝ። በዚያ መንገድ ላይ ስለ ታምራት ምንም ሳታውቅ ደግ የሆነችልኝ እሷ ብቻ ናት።

ሚዛን መናኸሪያ ሁለት ሰዎች ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አንደኛዋ ረዚያ ናት፤ ጠይም፣ ሞላ ያለች፣ የስልጤ ሴት። ሁለተኛው ኢያሱ የሚባል የሸኮ ልጅ፣ የታምራት የሥራ ባልደረባ። ረዚያ አቅፋኝ አልለቅም አለች። እኛ አገር ሰው ተለማምዶ ነው የሚተቃቀፍ፤ የዚህ አገር ሰው እንዴት ያለ ፍቅር አለው እያልኩ ደረቷ ላይ ቆየሁ። ኢያሱ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ለረዳት ያልሰጠሁትን ቦርሳ ለሱ ሰጠሁት፤ ፊቴን ግን አላየም። እኔም እግሩን አየሁ፤ ሰፊ፣ እስከ ባቱ ጭቃ የደረቀበት ቦቲ።

«ታምራትስ?» አልኩት።

«ሥራ... ሩቅ ነው ያለው፣ እናቴ» አለኝ።

ረዚያ ቤት ዶሮ ተሠርቶ ቆየኝ፤ ከክርስቲያን ጎረቤቷ ቤት አስባርካ አሠርታ ነው። እንድበላ የለመነችኝን ያህል ሙሽራም አይለመንም። ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ወሰደችና እስኪነጋ አልመለሰችውም። እኔ ስበላ እሷ እንጀራውን እየቆረሰች መልሳ እዚያው ታስቀምጠው ነበር።

ከእራት በኋላ ጫማውን አወጣሁ። ለማን ላሳየው ኖሯል እስከዚያ! ረዚያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ስፌቱን እይ» አልኳት።

«አየሁት፣ እህቴ።»

«አፍንጫው ድርብ ነው። ቁጥሩም ልክ አርባ ሁለት ነው፣ የሱ ቁጥር። እናንተ ለምንድን ነው ለሰው ሁሉ አንድ ቁጥር ያለፈ የምትሸጡት?»

«እኔ ምን ላድርግ? እነሱ ናቸው የሚጠይቁኝ። ሞተሩ ቢወድቅብኝ እግሬን ከውስጡ መዝዤ ልውጣ ይላሉ።»

«ሰፊ ጫማ እኮ ፍሬን ላይ ይንሸራተታል! ውሃ ሲሞላ ደግሞ እግሩ ወዴት እንዳለ ራሱ አያውቀውም። በዚህ ላይ እጁ ፌስታል ውስጥ ነው። እግር ልክ ጫማው ውስጥ ሲቀመጥ ነው ፍሬን የሚታዘዘው።»

ኢያሱ ብድግ ብሎ ወጣ። ረዚያ አልተነሳችም። «እውነትሽን ነው» አለችኝ። ከዚያም ቆዳው ከየት እንደሆነ፣ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚቀባ፣ ጓንቱ ሲርስ እንዴት እንደሚደርቅ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እኔ እንደ ደንበኛ ያዳመጠኝ ሰው አግኝቼ ለፈለፍኩ። አሁን ሳስበው፣ ያን ምሽት ያለችውን አንዲት ቃል እንኳ እንዴት ልትናገረው እንደቻለች አላውቅም። እኔ ብሆን አልችልም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረዚያ ሱቋን ዘግታ አብሬሽ ቴፒ እሄዳለሁ አለች። የገበያ ቀን ነበር። እኛ ዘንድ ነጋዴ በገበያ ቀን ሱቁን የሚዘጋው ለቀብር ብቻ ነው። ይህን ቀልድ አድርጌ ነገርኳት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መኪናው ገባች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ዕድሜ ልኬን የነገድኩ ሴት፣ ያን ቀን ግን ምንም አልጠረጠርኩም። ደግነቱ በዛብኝ እንጂ ነገሩ አልገባኝም።

ከታምራት መሥሪያ ቤት በመጣ መኪና ሄድን፤ ሹፌሩ፣ ኢያሱ፣ ረዚያና እኔ። መንገዱ እየተጠማዘዘ በቡና ውስጥ ይሄዳል። የእኛ ገብስ ፀሐይ ካላየ አይሆንም፤ ቡና ግን ትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተጠልሎ ይኖራል፣ ፍሬው መቅላት ጀምሮ ነበር። ሸኮን ካለፍን በኋላ አንድ ቁልቁለት ወረድንና ጠባብ ድልድይ አገኘን። ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። መኪናው ቀስ አለ። ኢያሱ ፊቱን ወደ ሌላ ወገን መለሰ፣ ረዚያ እጄን ያዘችኝ። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ውሃው እንዴት ያምራል!» አልኩ። አሁን ያ ወንዝ በሕልሜ ይመጣል፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ያምራል።

ቴፒ ዝቅ ያለች፣ የምትሞቅ ከተማ ናት። ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው በጩኸት ነው የሚነጋገረው። መናኸሪያውን ሳልፍ ታምራትን በዓይኔ ፈለግሁት። እማማ ውዴ ከወሎ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ አንድ በረንዳ ላይ የተደረደሩ ክፍሎች አሏቸው። አገላብጠው ሳሙኝና «ወንድምሽ ስለ አንቺ ሳያወራ ቀን አይመሽለትም» አሉኝ፤ «ነበር» አላሉም። ከቅመም ጋር የተፈላ የቡና ቅጠል አጠጡኝ። እኛ ቡናን ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን ማን ያስታውሰዋል፤ ለጉሮሮ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ያቃጥላል። የታምራት ክፍል ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን ይዞት ሄዷል አሉኝ። ከሱ ክፍል ቀጥሎ ያለው ተነጥፎልኝ ነበርና፣ ከመተኛቴ በፊት አዲሱን ጫማ ጓንቱን በላዩ አድርጌ የታምራት በር ሥር አስቀመጥኩት። ሲመጣ እንዲደናቀፍበት ብዬ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ጫማው ተነስቶ እንደሆነ ለማየት በሬን ከፈትኩ። ጫማው እንዳስቀመጥኩት ነው። ከሱ ጀምሮ ግን እስከ እማማ ውዴ ሳሎን ድረስ በረንዳው በሙሉ በቦቲ ተሞልቷል። ጭቃ የነካው የጎማ ቦቲ፣ የሴት ነጠላ ጫማ፣ የሽማግሌ ሸራ ጫማ፣ ጎን ለጎን። ያን ሁሉ ጫማ አውልቆ የገባ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ትንፋሽ አይሰማም። እንደዚህ ብዙ ሆኖ ማልዶ አንድ ቤት የሚገባ፣ ገብቶም ድምፁን የሚያጠፋ ሰው፣ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚመጣው። ማንም ምንም ሳይለኝ አወቅሁ። እዚያው ጫማዎቹ መካከል ቁጭ አልኩ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች በባዶ እግራቸው ሲወጡ፣ መርዶውን እነሱ ከመናገራቸው በፊት «መቼ?» አልኳቸው። ጩኸቴ የመጣው መልሱን ስሰማ ነው። ወልቂጤ ላይ ሲስቅ ሰምቼው ነበራ! እኔ ጅማ ሳልደርስ ሄዷል።

ለካ ሚዛን ባደርኩበት ሌሊት እሱም እዚያው ከተማ ሆስፒታል ነበር። እኛ በመጣንበት መንገድ ከኋላችን አምጥተውታል፤ እስክደርስ ሳይቀብሩ የጠበቁኝ ለዚህ ነው። በዚያው ቀን ቀበርነው።

በእኛ አገር ድሮ የሟች ፈረስ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ አጊጦ ለቅሶ ይወጣ ነበር፤ የአያቴ ፈረስ ሲወጣ ትዝ ይለኛል። የቴፒ ልጆች ፈረስ የላቸውም። የታምራትን ሞተር አጥበው፣ ሳያስነሱት በእጃቸው እየገፉ ከፊት አስቀደሙት። ሌሎቹም ሞተረኞች ሞተራቸውን አጥፍተው እየገፉ ተከተሉ። መሪው ላይ የታምራት ቦቲ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንድ እግር ብቻ። ሁለተኛውን ወንዙ ወስዶታል። ዓይኔ ለምዶ ቁጥሩን አየሁ፤ አርባ ሦስት።

ረዚያ ዓይኔን ተከትላ አየች። «እኔ ነኝ የሸጥኩለት» አለችኝ። «አርባ ሁለት ይዤ አርባ ሦስት ሸጥኩለት።»

«እሱ ነው የጠየቀሽ» አልኳት። «እዚህ አገር ሲኖር እንደ አገሩ ሰው ገዛ።» ያን ለማለት አቅሙን ከየት እንዳገኘሁት እንጃ። እሷ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክማኝ መጥታ እንዴት ዝም እላታለሁ።

ኢያሱ የነገረኝ ከቀብር በኋላ ነው፤ ጠይቄው ነው። ዝናብ ነበር። ታምራት ከፊት፣ እሱ ከኋላ ነበሩ። ቁልቁለቱ ላይ ታምራት ፍሬን ሲይዝ እግሩ ፔዳሉ ላይ አልቆመም። በእጁ ሊይዝ ሲል ፌስታሉ ተንሸራተተ። ድልድዩን ስቶ ወረደ፤ ደረቱን ነው የመታው። ሄልሜቱ ራሱ ላይ ነበር።

«ይህ ጫማ እግሩ ላይ ቢሆንስ?» አልኩት።

«አላውቅም» አለኝ። «ጭቃ ነው። ምናልባት እግሩ ይቆም ነበር። ምናልባት አይቆምም። ውሸት አልነግርሽም፣ እትዬ።» እትዬ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰው አዝኖልኝ ዋሽቶኝ ነበርና፣ ያ «አላውቅም» ያለው ነገር ልቤን አሳረፈው።

ሣልስቱ ሲያልፍ መመለሻዬ ደረሰ። እማማ ውዴ ጫማውን ለቤተ ክርስቲያን ስጪው አሉኝ። እኔ ግን ኢያሱን ጠራሁት። ከሰኞ ጀምሮ በታምራት መንደሮች የሚዞረው እሱ እንደሆነ ሰምቼ ነበር፤ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ድልድይ፣ በሰፊ ቦቲና በፌስታል።

«ቁጭ በል» አልኩት።

«እትዬ፣ የሞተ ሰው ጫማ ነው...»

«ታምራት አላደረገውም። ሰው ያላደረገው ጫማ የማንም አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ እንዳለ ነው። እግርህን አምጣ።»

እንደ ደንበኛዬ ሁሉ ፊቱ ተንበረከክሁ። እግሩ አርባ አንድ ነው። ሕይወቴን በሙሉ ልኩ ያልሆነ ጫማ ለሰው ሸጬ አላውቅም፤ አውልቄ ልመልሰው እጄን ሰደድኩ። ከዚያ ካልሲው ትዝ አለኝ። የመንዙን ወፍራም ካልሲ አጥልቄ መልሼ ባስገባው ልክ ሞላ። ረዚያ ከጎኔ ሆና «አንድ ቁጥር ያለፈ ሸጥሽ» አለችኝ፤ እንባዋ እየወረደ ነው። አፍንጫውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩት፣ ክሩን አስሬ ክዳኑን ዘጋሁት። «ተራመድ» አልኩት፤ በረንዳው ላይ ሄዶ ተመለሰ። ታምራትን እንዲህ ነበር የማራምደው።

ከዚያ ጓንቱን አጠለቅሁለት። መርካቶ ላይ ጌታነህ ፍሪሲዮን አልነበረውም፤ እዚህ ሁለት ጣቶቼን ዘርግቼ ሰጠሁትና «ሳብ» አልኩት። በቀስታ ሳበ። አልለቀቅሁትም፤ እሱም አልለቀቀኝም። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ከቀብሩ ይልቅ ያን ጊዜ።

«ዋጋው አንድ ነገር ነው» አልኩት በመጨረሻ። «ከገጠር ስትመለስ ደውልልኝ። ኔትወርክ የለም የሚል ነገር መስማት አልፈልግም።»

መመለሻው መንገድ ያው ነው፤ ሚዛን፣ ቦንጋ፣ ጅማ። ጎደሬ ያበላችኝን ሴት ቤት ከአውቶቡስ ላይ ፈለግሁት፣ ከቅጠሉ ብዛት ግን አልለየሁትም። ቦርሳዬ ባዶ ነበርና ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲል ሰጠሁት። ደብረ ብርሃን ስደርስ የለመድኩት ነፋስ ተቀበለኝ፤ ያ አገር ግን ገና ልብሴ ላይ ይሸት ነበር፣ እርጥብ ቅጠል የሚመስል።

ሱቄን ከፍቻለሁ። ሰው ይመጣል፣ እግሩን ያመጣል፣ አስራለሁ፣ እፈታለሁ። ሞተር የሚነዳ ሲመጣ ከሌላው አብልጬ አቆየዋለሁ፤ አንዳንዱ ተሰላችቶ ይሄዳል፣ ይሂድ። ኢያሱ ግን ቃሉን አልበላም። አመሻሽ ላይ፣ ሱቄን ልዘጋ ስል ስልኩ ይጮሃል። ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ ከወዲያ ይሰማኛል፤ ስለዚህ እየጮኸ ነው የሚያወራኝ።

«እትዬ! ጫማው ደህና ነው!»

«ጫማውን ተወው! አንተስ?»

«እኔም ውስጡ ነኝ!»